ከቀለሙ በፊት አንቲረስቱ

አሮጌ ትራክተር ለማደስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ላይኛው ቀለም ነው። ቀዩ የትኛው ቀይ ነው? ያብረቀርቃል ወይ? በጅማና በዙሪያዋ ግን ገንዘቡም ሐሳቡም ቀድሞ መዋል ያለበት ከሥር በሚቀባው ላይ ነው።

ምክንያቱ አየሩ ነው። ብረት እንዲዝግ ኦክስጅንና ውሃ ይበቁታል። ዝናብ ባይዘንብ እንኳ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ካለፈ ብረቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ውሃ ያርፋል። የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኝበት ኪቶ ፉርዲሳ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አካባቢ ነው። ወደ ሊሙና ጎማ ወረዳዎች ሲኬድ ሌላ ጠላት ይጨመራል፦ ትራክተሩ በሚጎትተው ጋሪ (ተጎታች) ላይ የሚንጠባጠበው የእሸት ቡና ጭማቂ ሲቦካ አሲድ ይሆናል፤ በጭረት ገብቶም ብረቱን ይበላል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ቀዩ አንቲረስት ነው። ቅላቱ የሚመጣው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ከራሱ ከዝገት ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ማለት ነው። ኦክስጅኑን አስቀድሞ ስለወሰደ ከዚያ ወዲያ አይዝግም፣ ፀሐይም አታደበዝዘውም። ቅላቱ ብቻውን ግን ብረት አያድንም። የሚያድነው አብሮ የተቀላቀለው ዝገት ተከላካይ ነው፤ ከእነዚህም የታወቀው ዚንክ ፎስፌት ነው። ስለዚህ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

የዚንክ ዱቄት የበዛበት ፕራይመር ሌላ ነገር ነው። ዚንኩ በብረቱ ፋንታ እየተበላ ይከላከላል። አሲድ ግን ዚንክን ቶሎ ስለሚያሟሟ ቡና ለሚጭን ተጎታች አልመርጠውም። ለዚያ የሚሻለው ከሃርድነር ጋር የሚቀላቀለው ኢፖክሲ ነው፤ ውሃም አሲድም በቀላሉ አያሳልፍም። ፀሐይ ላይ ዱቄት ስለሚያወጣ ግን የላይ ቀለም የግድ ይፈልጋል።

የትኛውም ቢመረጥ ዝግጅቱ ካልተሟላ ከንቱ ነው። የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይመልከቱ። ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ በቢላ ጫፍ ቢፈቀፍቁት ቡናማ ቅርፊት ተነባብሮ ይወጣል። ዝገት ከተሠራበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። በላዩ ላይ ስቱኮ መለጠፍ በሽታውን መሸፈን ነው። መጀመሪያ ዘይትና ግራሱ በደንብ ይታጠብ፤ ከዚያ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ይፋቅ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት፤ እያረጠቡ ይሥሩ፣ ልጆችንም ያርቁ። በአገራችን አዲስ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ በሕግ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን ትራክተር በጥርጣሬ ማየት ይገባል።

ጊዜውም ይመረጥ። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። አየሩ 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን ጤዛ በ18 ዲግሪ ገደማ ይፈጠራል፤ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ብረት ጠዋት ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ጥር ላይ፣ ፀሐይ ብረቱን ካሞቀችው በኋላ መቀባት ይሻላል።

የላይ ቀለሙ ከሥረኛው ጋር ይስማማ። በሲንቴቲክ ቀለም ላይ የኒትሮ ቀለም ቢረጩበት ቲነሩ ከሥር ያለውን አንስቶ ያሸበሽበዋል። ሃርድነር ያለው ፖሊዩረቴን ጠንካራና የሚያምር ነው፤ የሚረጨው ጭጋግ ግን ሳንባ የሚጎዳ አይሶሳያኔት አለበት፣ የጨርቅ ማስክም አያስቆመውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ መተንፈሻ የሌለው ጋራዥ ሲንቴቲኩን በብሩሽ ቢቀባ ይሻለዋል። በጀቱ ካልበቃም ከላይኛው ቀለም ይቀንሱ እንጂ ከአንቲረስቱ አይቀንሱ።