አንዲት የደም ጠብታ፦ ደጋ ላይ መለካት ለምን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትጓዙ አምባ ጊዮርጊስን ታገኛላችሁ፤ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች የወገራ ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ደጋ ላይ «አየሩ ኦክሲጅን የለውም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እዚያም ቢሆን ከአየሩ 21 በመቶው ኦክሲጅን ነው። የተለወጠው ግፊቱ ነው፤ በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል።

ታዲያ ሰውነት ምን ያደርጋል? ከቆላ የመጣ ሰው ደጋ ላይ ሲሰነብት ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል፤ መቅኔውም ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሠራል። ኦክሲጅን ተሸካሚው ሂሞግሎቢንም ከፍ ይላል። በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ የታወቀውም ከፍተኛ ሂሞግሎቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቻቸው ያልተጠበቀ ውጤት አሳተሙ። በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ሲመረምሩ አማካይ ሂሞግሎቢናቸው ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። ይህ ቆላ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው!

አሁን እናንተ የፊዚዮሎጂ ጀማሪ ተመራማሪ ናችሁ እንበል። አምባ ጊዮርጊስ ሄዳችሁ ለክታችሁ ተመሳሳይ ዝቅ ያለ ቁጥር አገኛችሁ። ከመደሰታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ቁጥር ያመጣው የሰዎቹ ደም ነው ወይስ የእኔ እጅ?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ጣት ወግታችሁ ደሙ እንቢ ሲል ብትጨምቁት በሕዋሳት መካከል ያለው ፈሳሽ አብሮ ይወጣል። ደሙ ይቀጥናል፤ ሂሞግሎቢኑም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። አያችሁ? ያልሠለጠነ እጅ «ግኝት» ሊፈጥር ይችላል።

ስለዚህ ሥልጠናው በትንንሽ ነገሮች ይጀምራል። የደጋ ጠዋት ብርድ ስለሆነ መጀመሪያ የተመርማሪውን እጅ አሙቁ። አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከመሐል ጣት ወይም ከቀለበት ጣት ጫፍ ጎን በኩል ውጉ። የመጀመሪያውን ጠብታ ጥረጉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሙሉ ጠብታ የአየር አረፋ ሳይገባ በአንድ ጊዜ ውሰዱ። በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በጣት ላይ በሚቆነጠጠው መሣሪያ ስትለኩም እንዲሁ ነው። መሣሪያው የሚሠራው በብርሃን ነው፤ የቀዘቀዘ ጣት ምልክቱን ያዳክማል፣ የጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላም ሊያውከው ይችላል። ሌላ ጣት ምረጡ።

እጃችሁን ሰው ሳትነኩ መፈተንም ትችላላችሁ። በፒፔት 100 ማይክሮሊትር ውኃ አሥር ጊዜ ቅዱና እያንዳንዱን በላቦራቶሪ ሚዛን መዝኑ። 0.1 ግራም ገደማ መምጣት አለበት። ቁጥሮቹ ወዲህና ወዲያ ከተበታተኑ እጃችሁ ገና አልረጋም። ሁሉም ተቀራርበው ግን 0.09 ላይ ከተሰበሰቡ ሌላ ችግር አለ፤ ወይ አያያዛችሁ ወይ ፒፔቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የመጀመሪያውን ስሕተት ደጋግሞ ለክቶ አማካይ በማውጣት መቀነስ ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ሺህ ጊዜ ብትለኩ አይለቃችሁም። እሱን የሚያጋልጠው መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና መለካት፣ እንዲሁም ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያይ ያንኑ ደም እንዲለኩ ማድረግ ነው። «መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለወጥ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? አንዲት እናት ድካም ይዟት ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። እርጉዝ አይደለችም፤ ሂሞግሎቢኗ 12.3 ሆነ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰኑ 12 ነው፤ ስለዚህ ደህና ትመስላለች። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለከፍታ ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል፤ በአምባ ጊዮርጊስ ከፍታ ከ1 ግራም በላይ ይቀነሳል። ያኔ የደም ማነስ አለባት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን የ2002ቱ ውጤት ጥያቄ ያስነሳል። የሰሜን ደገኞች ሂሞግሎቢን እንደሌላው ደገኛ ካልጨመረ፣ ለሌላው የተሰላው ቅናሽ ለእነሱ ልክ ነው? ብንቀንስ ጤነኛዋን ታማሚ ልናደርግ ነው፤ ባንቀንስ ደግሞ የታመመችውን ልናልፋት እንችላለን። ክርክሩ በሙሉ በ1 እና በ2 ግራም መካከል ነው። እጃችን በግማሽ ግራም ከሳተ መልሱን ልናገኘው አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥያቄ ቅርብ ነው፤ ደጋው የመኪና መንገድ ብቻ ይርቀዋል። ምናልባት መልሱን ከምታመጡት አንዱ እናንተ ትሆናላችሁ። እስከዚያው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጣታችሁን ሲወጓችሁ ልብ ብላችሁ እዩ፦ የመጀመሪያው ጠብታ ተጠረገ?