የቤት ብድር እውነተኛ ዋጋ

በኢትዮጵያ ከተሞች በብድር ቤት ለመግዛት የሚነሣ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤቱን ዋጋና በየወሩ የሚከፈለውን ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ በመጨረሻ ስንት እንደፈጀ የሚወስኑት የወለዱ መጠንና ብድሩ ተከፍሎ የሚያልቅበት ዘመን በመሆናቸው፣ የወር ክፍያውን ብቻ አይቶ ውል የሚፈርም ሰው የገባበትን ዕዳ ልክ ሳያውቅ ይፈርማል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ ለቤት መሥሪያና መግዣ በማበደር ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ነበር፤ ይህ ባንክ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ብዙኃኑን የከተማ ነዋሪ ከቤት ብድር ጋር ያስተዋወቀው ግን የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ነው። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ምዝገባ የታወቁት 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት አማራጮች ስማቸውን ያገኙት ከክፍያው አደላደል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቁጥር ገዢው በቁጠባ የሚያዋጣውን የቅድመ ክፍያ ድርሻ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከባንክ የሚበደረውን ድርሻ በመቶኛ ያመለክታል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በቤት ብድር ላይ ለማተኮር የተቋቋመው ጎሕ ቤቶች ባንክ ሥራ ጀመረ።

ባንክ ለቤት ሲያበድር ቤቱን በመያዣነት ይይዛል፤ መያዣ ማለት ባለዕዳው ሳይከፍል ቢቀር አበዳሪው ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ቀድሞ ከንብረቱ ሽያጭ ገንዘቡን የሚያገኝበት መብት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በጽሑፍ እንዲደረግና እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ገዢው ከመዋዋሉ በፊት በተለምዶ ካርታ የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን ከመዝገቡ ማጣራት ይኖርበታል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚሸጠውና በመያዣነት የሚሰጠው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት ሲሆን፣ ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያልተከፈለው የሊዝ ዕዳም ከዋጋው ጋር ሊታሰብ ይገባል። ባልና ሚስት የጋራቸው የሆነውን ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣነት ለመስጠት ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

የብድሩን ክብደት ለመረዳት አንድ ስሌት መከተል ይጠቅማል። 1,000,000 ብር በ15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ20 ዓመት ውስጥ በየወሩ እኩል እየተከፈለ እንዲያልቅ ቢወሰድ፣ የወሩ ክፍያ 13,168 ብር ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 12,500 ብሩ ወለድ በመሆኑ፣ ዋናውን ገንዘብ፣ ማለትም ከባንክ የተወሰደውን ብድር፣ የሚቀንሰው 668 ብር ብቻ ነው። ወለድ የሚታሰበው ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ስለሆነ ዋናው ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚቀንሰው እጅግ በዝግታ ነው፤ ተበዳሪው አምስት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ 790,000 ብር ያህል ከከፈለ በኋላ እንኳ ከ940,000 ብር በላይ ዕዳ ይቀርበታል፤ ዋናው ገንዘብ በግማሽ የሚወርደውም ከ15 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። በ20 ዓመቱ መጨረሻ የተከፈለው ሁሉ ሲደመር 3,160,000 ብር ገደማ ይደርሳል።

ይኸው ብድር በ15 ዓመት እንዲያልቅ ቢደረግ ግን የወር ክፍያው ወደ 13,996 ብር፣ ማለትም በ828 ብር ብቻ ከፍ ሲል፣ ጠቅላላ ክፍያው ወደ 2,519,000 ብር ወርዶ ከ640,000 ብር በላይ ይተርፋል። በአንጻሩ ዘመኑ 20 ዓመት እንደሆነ ወለዱ ወደ 18 በመቶ ቢያድግ የወር ክፍያው ወደ 15,433 ብር ስለሚወጣ፣ ባንኩ ወለዱን በብድሩ ዘመን ውስጥ ለመለወጥ የሚያስችለው አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማጣራት የግድ ነው። የእፎይታ ጊዜ የሚባለው፣ ክፍያ ሳይጀመር የሚቆይበት ወቅትም ቢሆን ወለድ የሚታሰብበት ከሆነ ዕዳውን ያሳድገዋል እንጂ አያቀልለውም። በመሆኑም ዕቁብ ሲወጣ ወይም ሌላ ያልታሰበ ገንዘብ ሲገኝ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ከዋናው ገንዘብ ላይ ቀንሶ መክፈል ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ያለጊዜው ለሚከፈል ዕዳ ቅጣት ይኖር እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የዋጋ ንረት ከወለዱ በልጦ ገቢም አብሮ በሚያድግበት ዘመን የማይለወጥ የወር ክፍያ ሸክሙ በጊዜ ብዛት ይቀላል፤ ደመወዙ ባለበት ለቆመ ሠራተኛ ግን ኑሮው እየተወደደ ክፍያው ስለማይቀንስ ጫናው ይብስበታል።

ስለዚህ ቤተሰቡ የመክፈል አቅሙን ሲመዝን የወር ክፍያው ከተጣራ ገቢው ሲሶ እንዳይበልጥ ማድረግና ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ከቅድመ ክፍያው ለይቶ ማስቀመጥ የጥንቃቄ መንገድ ነው። ያለውን ጥሪት ሁሉ ለቅድመ ክፍያ ያዋለ ገዢ የስም ማዛወሪያው፣ የቴምብር ቀረጡ፣ የንብረት ግምቱና የመድኅኑ ወጪ ሲመጣበት፣ በተለይም ቤቱ የማጠናቀቂያ ሥራ የሚቀረው ከሆነ፣ በከፍተኛ ወለድ ሌላ ብድር ለመፈለግ ይገደዳል። ተበዳሪው ቢሞት ዕዳውን ለባንኩ የሚከፍለው የሕይወት መድኅንም ወራሾችን ከጭንቀት የሚያድን በመሆኑ እንደ ትርፍ ወጪ ሊታይ አይገባውም።

ክፍያ ሲቋረጥ የሚከተለው ቀላል አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ከ30 ቀን የማያንስ ማስጠንቀቂያ ለባለዕዳው ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልጋቸው በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል፤ የሐራጁ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነም ቀሪውን ባለዕዳው ይጠየቃል። ገቢው የተጓደለበት ተበዳሪ ማስጠንቀቂያ እስኪደርሰው ሳይጠብቅ ወደ ባንኩ ሄዶ የክፍያው ዘመን እንዲራዘምለት ወይም አከፋፈሉ እንዲስተካከልለት ቢጠይቅ፣ ውዝፉ ከመከማቸቱ በፊት የመደራደር ዕድል ይኖረዋል።

ቤት ገዢ ሁሉ እንግዲህ ከመፈረሙ በፊት የየወሩን ወለድና ዋና ገንዘብ ለይቶ እስከ መጨረሻው ክፍያ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከባንኩ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የ15 ዓመቱንና የ20 ዓመቱን ጠቅላላ ድምር ከትዳር ጓደኛው ጋር ተቀምጦ ያነጻጽር፤ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ካገኘው ደግሞ አነስተኛ ቤት መምረጥ ወይም ጥቂት ዓመት ጨምሮ መቆጠብ ይሻለዋል።