አባት ቆዳውን ለልጁ መስጠት ይችላል?

ባለፈው ክረምት፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ እዚሁ ፉሪ የሚኖር ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። “ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ የተማሩ ነዎት። ይቺን ፈርም ብለውኛል፤ ልፈርም?” አለኝ። ወረቀቱ የቀዶ ሕክምና ፈቃድ መስጫ ቅጽ ነው። የተጻፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን መብራት በጠፋበት ምሽት ከሰል ምድጃ ላይ ሲንተከተክ የነበረ ሽሮ በአራት ዓመት ልጁ እግር ላይ ተደፋ። ሽሮ እንደ ውኃ ፈስሶ አያልፍም፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያዘልቃል። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላው እንቁላል ቀባ። ልጁ ጤና ጣቢያ የደረሰው በማግስቱ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁስሉ ቢታጠብና ቢታሰርም ከጉልበቱ ጀርባ ያለው ክፍል አልድን አለ። በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ እዚያም ሐኪሙ “ከጭኑ ቆዳ ወስደን እንተክላለን” አለው። አባት ደነገጠ። “አንድ ቁስል ላድን ብዬ ሌላ ቁስል ልጨምርበት? ቆዳ ካስፈለገ ከእኔ ይቁረጡ!” ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

እንደ ሕግ ሰው ካያችሁት የአባትየው ጥያቄ ቀላል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 18 ሰው በሕይወት ሳለ አካሉን ክፉኛ በሚጎዳ መንገድ አሳልፎ መስጠት እንደማይችል ይደነግጋል። ተግባሩ በሕክምና ሥርዓት የተደገፈ ከሆነ ግን ክልከላው አይሠራም። ስለዚህ አባት ስስ ቆዳ ለልጁ ልስጥ ቢል ሕጉ በሩን አይዘጋበትም። የሚዘጋበት የልጁ ሰውነት ነው።

ይህን ሳይንስ በግልጽ ያወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ ቶማስ ጊብሰን የተባለ ቀዶ ሐኪምና ፒተር ሜዳዋር የተባለ ተመራማሪ ክፉኛ በተቃጠለች ሴት ላይ የራሷንም የወንድሟንም ቆዳ ተከሉ። የራሷ ያዘ፤ የወንድሟ ጠፋ። ከወንድሟ ለሁለተኛ ጊዜ ሲተከል ደግሞ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ወደቀ። ሰውነቷ የወንድሟን ሥጋ እንደ ባዕድ ቆጥሮ፣ ጠላቱንም አስታውሶ ነበር ማለት ነው። ሜዳዋር በዚህ መስመር ባካሄደው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የሌላ ሰው ቆዳ ዛሬም ሰፊ ቃጠሎ ለደረሰበት ሰው ለጊዜው መሸፈኛ ይሆናል፤ ሥር ሰዶ የሚኖረው ግን የራስ ቆዳ ብቻ ነው። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ብቻ ከዚህ ደንብ ውጪ ናቸው።

ታዲያ “ሌላ ቁስል” የሚለው ስጋትስ? ሐኪሞች ግራፍት በሚሉት በዚህ ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ሙሉው ቆዳ አይደለም። የላይኛው ሽፋንና ከሥሩ ካለው ጥቂቱ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ውፍረት ያለው፣ በልዩ ቢላዋ ወይም መሣሪያ ተገፎ ይነሳል። ጭኑ ላይ የሚቀረው ወድቆ እንደተጋጠ ጉልበት ያለ ቁስል ነው። ያማል፤ ይሁንና የፀጉርና የላብ ዕጢ ሥሮች እዚያው ስላሉ ከእነርሱ አዲስ ሽፋን በቅሎ በሁለት ሳምንት ገደማ ይድናል። ጥልቅ ቃጠሎ እነዚህ ሥሮች ስለሌሉት ከዳር ወደ መሐል እየተኮማተረ ይዘጋል። ከጉልበት ጀርባ ሲኮማተር ደግሞ እግሩ እንደታጠፈ ይቀራል። አባትየው ሳያውቀው የሚመርጠው በሁለት ሳምንት የጭን ቁስልና በዕድሜ ልክ ሽባነት መካከል ነበር።

የተተከለው ቆዳ የራሱ የደም ሥር ይዞ አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚኖረው ከሥሩ ካለው ቁስል እርጥበት እየመጠጠ ነው። ከዚያ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገናኛሉ፤ በአምስተኛውና በሰባተኛው ቀን መካከል ደም በወጉ መዘዋወር ይጀምራል። በእነዚህ ቀናት ከሥሩ ደም ወይም መግል ከተጠራቀመ፣ ወይም ልጁ ተወራጭቶ ቆዳው ከቦታው ከተንሸራተተ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። እግሩ በድጋፍ የሚታሰረው፣ ቤተሰብም “ፋሻውን እንየው” ብሎ እንዳይፈታ የሚነገረው ለዚህ ነው። ቁስሉም አስቀድሞ ንጹሕ፣ ቀይና ደም ያለው መሆን አለበት፤ በተራቆተ አጥንት ላይ ግራፍት አይበቅልም።

ይህ የቃጠሎ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መኪና ቆዳውን ገፎ የጣለበት ሰው፣ እግሩ የቆሰለ የስኳር ሕመምተኛም ሊያስፈልጋቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት የሚያውቀው ቁስል ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ስሜት በሌለው እግር ላይ ቁስሉን ያመጣው ጫና ካልተነሳ ቆዳ ቢተከልም ተመልሶ ይቆስላል። ለቃጠሎ ግን ለረጅም ዓመታት ቀድሞ የሚጠራው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው፤ በኋላም በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ተጨምሯል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ግን አሳዳሪው ለጤናው የሚበጀውን ሕክምና የማስደረግ ሥልጣን አለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የልጁ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ቅጽ ተሰጥቶት “ፈርም” የተባለ አባት ይህን ሥልጣን በምን አውቆ ይጠቀምበታል? እምቢታውን ካላዋቂነት መቁጠር ግፍ ነው። ያስረዳው ሰው አልነበረም።

ሰኞ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ሥራ የበዛበት ወጣት ነው፤ ስንጠይቀው ግን በወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳን። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። አባትየውም ፈረመ። በአምስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ከዳር ካለች ትንሽ ቦታ በቀር ቆዳው ይዟል። መልኩ ከቀሪው ይለያል፤ ቫዝሊን መቀባትና እግሩን ማዘርጋት ለወራት ቀጥሏል። ዛሬ ልጁ ይሮጣል።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይላል ያገሬ ሰው። ከተቃጠለ በኋላ ግን ቅጠልም፣ ሳሙናም፣ እንቁላልም አይደለም፤ ሃያ ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ ከዚያም በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው። ሆስፒታሎቻችን ደግሞ ያንን ቅጽ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፉልን። አሥሯን ደቂቃም አይንፈጉን።