አሲድን የሚችል ብረት

ክረምት ሲገባ በቁሐር ሚካኤልና በቀሩት የፎገራ ሩዝ አምራች ቀበሌዎች ሁለት ዓይነት ጆንያ ሲፈለግ ቆይቷል፤ አንዱ ዩሪያ፣ ሌላው ኤንፒኤስ። ኤንፒኤሱ 19፣ 38፣ 7 በሚሉ ቁጥሮች ይታወቃል፤ ከመቶው 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ በኦክሳይድ ተሰልቶ ፎስፎረስ፣ 7 እጅ ድኝ ማለት ነው። ከሦስቱ የፋብሪካን ዕቃ ክፉኛ የሚፈትነው መካከለኛው ነው። ፎስፎረስ የሚገኘው ከድንጋይ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ እንዲሁ ማሳ ላይ ቢበተን ግን ውሃ ስለማያሟሟው የሰብሉ ሥር ቶሎ አያገኘውም። ለሩዙ ምግብ እንዲሆን አስቀድሞ በአሲድ መሟሟት አለበት።

ወደ አገራችን ሲገባ የቆየው ኤንፒኤስ በአብዛኛው የመጣው ከሞሮኮው የፎስፌት ኩባንያ ከኦሲፒ ነው። ድንጋዩ ኹሪብጋ ከተባለ ቦታ ይቆፈራል፤ ከውሃ ጋር ተደባልቆ 187 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቱቦ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ይወርዳል፤ ጆርፍ ላስፋር ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ይጠጥርና በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያም በየብስ ተጉዞ የፎገራዋ ወረታ ከተማ ይደርሳል። እንዲህ ባሉ ፋብሪካዎች ውስጥ አሲዱን ከሚያማስሉት፣ ከሚገፉትና ከሚያጣሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ሱፐር ኦስተናይቲክ አይዝጌ ብረት ከሚባል የብረት ቤተሰብ ነው። የዛሬው ትውውቃችን ከእሱ ጋር ነው።

ጋኑ ውስጥ ያለው

የፎስፌት ድንጋይ ዱቄትና ሰልፈሪክ አሲድ አንድ ትልቅ ጋን ውስጥ ይገናኛሉ። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከሁለቱ ፎስፎሪክ አሲድና ጂፕሰም ይወጣሉ። በኦክሳይድ ስሌት አንድ ቶን ፎስፎረስ ለማግኘት ከ2 ቶን ተኩል በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ያልቃል፤ 5 ቶን ያህል ጂፕሰም ደግሞ ይተርፋል። ድንጋዩ ንጹሕ ስላልሆነ ፍሎራይድና ክሎራይድም ይዞ ይገባል። ብረቱ እንግዲህ ከሁለት አሲድ፣ ከሁለት ጨውና ከሙቀት ጋር በአንድ ጊዜ ይታገላል ማለት ነው።

በዚህ ላይ መፋቅ አለ። በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው፣ ደለል ያዘለ ውሃ የፓምፑን ተሽከርካሪ ምላጭ እንዴት እንደሚበላው ያውቃል። በአሲዱ ጋን ውስጥ የደለሉን ሥራ የሚሠራው የጂፕሰም ፍሬ ነው፤ ልዩነቱ የጂፕሰሙ ፍሬ የፋቀውን ቦታ አሲዱ ወዲያው ተከትሎ መግባቱ ነው። ተራ ብረት እዚህ ውስጥ ዕድሜ የለውም።

ስሱ ሽፋን

ተራ ብረት ሲዝግ የሚፈጠረው ቀይ ዝገት ይፈረፈራል። የተፈረፈረው ሲረግፍ ታች ያለው ብረት እንደገና ይጋለጣል፤ እንዲህ እያለ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ክሮሚየም ከ10 ተኩል በመቶ በላይ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ የሆነ ሽፋን ያለብሰዋል። ይህ ሽፋን አይረግፍም። ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይተካል። በእንግሊዟ ሼፊልድ ሃሪ ብሬርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. የማይዝግ ብረት ያቀለጠው በክሮሚየም ነበር፤ በዚያው ዘመን በጀርመን የክሩፕ ባለሙያዎች ኒኬል ጨመሩበት። ዛሬ በየቤቱ ያለው ማንኪያና ትሪ ላይ የሚነበበው 18/8 የሚል ምልክት 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ማለት ነው።

ኒኬሉ የብረቱን አቶሞች አደራደር ይለውጣል። ይህ አደራደር በእንግሊዛዊው የብረት ሊቅ በሮበርትስ ኦስተን ስም ኦስተናይት ይባላል። ኦስተናይቲክ ብረት በቀላሉ ይታጠፋል፣ ይበየዳል፣ ማግኔትም አይስበውም።  ዝገትንና አሲድን መቻሉ ግን በሙሉ ያለው በዚያ ስስ ሽፋን ላይ ነው፤ ሽፋኑ ሲሸነፍ ብረቱም ይሸነፋል።

ሽፋኑን በተንኮል የሚያጠቃው ክሎራይድ ነው። ክሎራይድ ብረቱን ከዳር እስከ ዳር አይበላም፤ አንዲት ደካማ ነጥብ ፈልጎ ይበሳል። ብስ ውስጥ የገባው ፈሳሽ ከውጭው ተለይቶ አሲድነቱ እየበረታ ስለሚሄድ ብሱ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ላዩ ሲታይ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ አንድ ቀን ያንጠባጥባል። ሙቀትና ውጥረት ሲታከሉበት ደግሞ ብረቱ ይሰነጠቃል። ለዚህ ስንጥቅ እጅግ የሚጋለጠው ኒኬሉ 8 በመቶ አካባቢ የሆነው፣ ማለትም ገበያውን የሞላው የማንኪያውና የትሪው ብረት ነው።

ምን ተጨመረበት?

ሱፐር ኦስተናይቲክ የሚባለው ለዚህ ሁሉ መልስ እንዲሆን የተቀመመው ነው። ክሮሚየሙ ወደ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይወጣል። ኒኬሉ ከ18 እስከ 30 በመቶ ደርሶ ስንጥቁን ያርቃል። ሞሊብዲነም የሚባለው ማዕድን ከ4 እስከ 7 በመቶ ይገባል፤ ክሎራይድ እንዳይበሳ በብርቱ የሚከላከለው እሱ ነው። ጥቂት መዳብ ይጨመራል፤ መዳብ ብረቱ በተለይ ሰልፈሪክ አሲድን እንዲችል ያግዛል። ከአየር የሚገኘው ናይትሮጅን ከግማሽ በመቶ ባልበለጠ መጠን ገብቶ ብረቱንም ያጠነክራል፣ ሞሊብዲነሙንም ያግዛል። ካርቦኑ ግን ከሞላ ጎደል ይወጣል፤ ካርቦን ሲበየድ ክሮሚየሙን እየሰረቀ የብየዳውን ዳር ያራቁታልና።

ከቤተሰቡ በሰፊው የሚታወቀው 904ኤል ነው። ክሮሚየሙ 20፣ ኒኬሉ 25፣ ሞሊብዲነሙ 4 ተኩል፣ መዳቡ 1 ተኩል በመቶ ገደማ ነው። የተወለደው ለሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን በፎስፎሪክ አሲድ ፋብሪካዎችም አማሳይ፣ ፓምፕና ማጣሪያ ሆኖ ይሠራል። ሮሌክስ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእጅ ሰዓቶቹ ቤት የመረጠውም ይህንኑ ነው። በ1970ዎቹ በስዊድኑ አቬስታ የተሠራው 254 ኤስሞ ደግሞ 6 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው የባሕር ውሃ ለሚያቀዘቅዛቸው መሣሪያዎች ይመረጣል።

መሐንዲሶች እነዚህን የሚያወዳድሩበት ቀላል ስሌት አላቸው። የክሮሚየሙን መቶኛ ይወስዳሉ፤ የሞሊብዲነሙን በ3.3፣ የናይትሮጅኑን በ16 አባዝተው ይደምሩበታል። የትሪው ብረት 18 ገደማ ያገኛል። ሞሊብዲነም ትንሽ የገባበትና በመድኃኒትና በወተት ፋብሪካዎች የሚታወቀው 316 ወደ 24 ይጠጋል። 904ኤል 34 አካባቢ ሲሆን 254 ኤስሞ ከ40 ይዘላል። ቁጥሩ ክሎራይድ ብረቱን ለመብሳት ምን ያህል እንደሚቸገር ይነግረናል፤ ስለ አሲዱ ግን አንድም ቃል አይናገርም።

አሲድ ሁሉ አንድ አይደለም

98 በመቶ የደረሰ ቀዝቃዛ ሰልፈሪክ አሲድ በተራ የብረት ታንከር ይቀመጣል። አሲዱ ብረቱን ትንሽ ከበላ በኋላ የሚፈጥረው የብረት ሰልፌት ገጹን ስለሚሸፍነው መብላቱ ይቀንሳል። በዚያ ታንከር ውስጥ ውሃ ቢገባ ግን አሲዱ ቀጥኖ ይበረታበታል፤ ታንከሩንም መብላት ይጀምራል። በግድየለሽነት በውሃ የታጠበ የአሲድ ታንከር ከሞላው ይልቅ አደጋ ላይ ነው። 904ኤል የተፈለገው በዚህ መሐል ነው፤ በተለመደው የአየር ሙቀት አካባቢ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ሰልፈሪክ አሲድ ይችላል። ሙቀቱ ሲጨምር ግን የሚችለው ክልል እየጠበበ ይሄዳል።

ናይትሪክ አሲድ ሌላ ጠባይ አለው። ኦክስጅን ሰጪ ስለሆነ ስሱን ሽፋን ራሱ ያጠናክረዋል፤ ስለዚህ ርካሹ የትሪው ብረት ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ዓይነት ይበቃዋል። እዚያ ሞሊብዲነም መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ራሱ ክሎራይድ ነውና ቀጠን ካላለ በቀር ሱፐሩንም ይበላዋል። ለእሱ ጎማ የተለበጠ ብረት፣ ፕላስቲክ ወይም ከብረትነት ወጥተው በአብዛኛው ኒኬል የሆኑ ቅይጦች ያስፈልጋሉ። በፎስፎሪክ አሲድ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ ሁሉም ቦታ ሱፐር አይደለም፤ ጋኑ ጎማና ጡብ፣ ማሞቂያው ግራፋይት ሊሆን ይችላል።

ማግኔቱና በያጁ

ይህ ብረት ዋጋው ከተራው አይዝጌ ብዙ እጥፍ ነው፤ ኒኬልና ሞሊብዲነም በዓለም ገበያ የሚወጡትንና የሚወርዱትን ተከትሎም ይዋዥቃል። ዋጋው ደግሞ ማጭበርበርን ይጋብዛል። ማግኔት አስጠግቶ አለመሳቡን ማየት ትሪውን ከቆርቆሮ ይለይ ይሆናል እንጂ የትሪውን ብረት ከ904ኤል አይለይም፤ ማግኔት ሁለቱንም አይስብም። በዓይንም አይለዩም። የሚለያቸው ከአምራቹ የሚመጣው የቅመም ምስክር ወረቀትና ብረቱ ላይ ተደግኖ በሰከንዶች ውስጥ ይዘቱን የሚያነብ የኤክስሬይ መሣሪያ ነው።

ከግዢው በኋላ ያለው ፈተና ብየዳው ነው። ብረቱ ቀልጦ ሲረጋ ሞሊብዲነሙ እኩል አይከፋፈልም፤ የደረሰበት ይበዛል፣ ያልደረሰበት ይሳሳል፣ ክሎራይድም በሳሳው ይገባል። ስለዚህ በያጁ የሚጠቀምበት ዘንግ ከሚበየደው ብረት የበለጠ ሞሊብዲነም ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ 9 በመቶ ገደማ ያለው የኒኬል ቅይጥ ይመረጣል። ሙቀቱ ዝቅ ብሎ፣ በየድርቡ መሐል እየበረደ መሄድ አለበት። ከብየዳው ዳር የሚቀረው ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ሽፋኑ የተጎዳበት ምልክት ነውና ተፍቆ ወይም በማጽጃ አሲድ ታጥቦ ይነሳል። ትናንት ተራ ብረት የፋቀ የሽቦ ብሩሽ ዛሬ ይህን ብረት ቢነካ የሚተወው የብረት ብናኝ ይዝግና ሽፋኑን ያዳክማል። ይህን ሥርዓት የማያውቅ ብየዳ ቤት በውድ የተገዛውን ብረት በአንድ ከሰዓት ወደ ተራ ብረት ዋጋ ሊያወርደው ይችላል።

እኛ ዘንድ

አሲድ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ ሰልፈሪክ አሲድና ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚውለውን አልሙኒየም ሰልፌት ያመርታል። እንደ ባሕር ዳሩ ባሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ ከመልፋቱ በፊት በጨውና በሰልፈሪክ አሲድ ይታሻል፤ ይህም ክሎራይድና አሲድ ተባብረው የሚመጡበት ቦታ ነው። ለዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ ትልልቅ የእንጨት ከበሮዎች ዛሬም ድረስ መቆየታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው ድብልቅ እንጨት ከተራ አይዝጌ ይሻላል። ተፈጥሮ ራሷ ደግሞ ዳሎል ላይ አሲድነቱ ከዜሮ ፒኤች በታች የወረደ፣ በጨው የጠገበ፣ የሚፈላ ውሃ ታወጣለች። የሱፐር ብረት አምራች ዕቃውን ሊፈትን ቢፈልግ ከዚያ የከፋ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል።

ማዳበሪያን አገር ውስጥ የማምረቱ ሐሳብም እየቀረበ ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኦሲፒ በድሬዳዋ ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምተው ነበር፤ ግንባታው ግን እውን ሳይሆን ቆየ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራረሙ፤ መስከረም 2018 ላይ የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ።

ዩሪያ ፎስፎሪክ አሲድ አይፈልግም፤ የራሱ ብረት በሊታ ግን አለው። አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ180 ዲግሪ በማይርቅ ሙቀትና ከአየር ግፊት 140 እጥፍ ገደማ በሆነ ግፊት ሲገናኙ የሚፈጠረው ካርባሜት ተራውን አይዝጌ ይበላል። ለእሱ የሚመረጠው የሱፐሩ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ 25 በመቶ ክሮሚየም፣ 22 በመቶ ኒኬልና 2 በመቶ ሞሊብዲነም ያለው ብረት ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ ስሱ ሽፋን ራሱን እንዲተካ ከሚገባው ጋዝ ጋር ጥቂት አየር ሆን ተብሎ ይጨመራል። አየሩ ቢቋረጥ ያ ውድ ብረት ፈጥኖ ይሟሟል። የትኛውንም ብረት አንዴ ገዝቶ መርሳት እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ፋብሪካን ከውጭ ገዝቶ ማቆም ይቻላል። ከ5 ዓመት በኋላ አንድ ፓምፕ ሲያንጠባጥብ ግን መልሱ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ምርት ማቆም ነው፤ የዩሪያ ምርት በሰኔ ቢቆም ደግሞ ጉዳቱ የሚቆጠረው በማሳ ነው። በክልሎቹ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አይዝጌ ብረት ብየዳን ከተራው ለይቶ ማስተማር፣ የቅመም ወረቀት ማንበብን የግዢ ባለሙያ ግዴታ ማድረግ፣ የኤክስሬይ መለያውን መጋዘን በር ላይ ማቆም ከፋብሪካው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው። ሻጭ «ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ብረት ነው» ሲል መመለስ ያለበት በአራት ጥያቄ ነው፤ ለየትኛው አሲድ? ምን ያህል ቀጥኖ? በስንት ዲግሪ ሙቀት? ከአሲዱ ጋር ምን ተደባልቆ? አራቱን ሳይጠይቅ ርካሹን የገዛም ውዱን የገዛም እኩል ከስሯል።