ስለ መሬታቸው የተሰቀሉት ደራሲ

ነዳጅ ሲጠፋ በቦሌ በኩል ኢምፔሪያል በሚባለው ሰፈር የሚሰለፈው የመኪና ብዛት ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ተሰላፊው የሚጠይቀው ቤንዚኑ መቼ እንደሚደርስ ነው እንጂ ከማን ጓሮ እንደ ወጣ አይደለም። እኛ ግን ዛሬ ስለ አንድ ጓሮ ልንናገር ወደድን።

የኒጀር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት በናይጄሪያ ደቡብ፣ በእርሻና በዓሣ ማጥመድ የሚኖር ኦጎኒ የሚባል አነስተኛ ሕዝብ አለ። በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመሬቱ ነዳጅ ዘይት ተገኘ። ሼል የተባለው ኩባንያ ቧንቧውን በየማሳው አሳለፈ፤ ቧንቧው ሲያፈስ ጥቁሩ ዘይት ወደ ጅረቱ ወረደ፤ ጋዙም ሌሊትና ቀን ይነድ ነበር።

ይህን የተቃወሙት ኬን ሳሮ ዊዋ ደራሲና የታወቀ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ አዘጋጅ ነበሩ። ቀደም ሲልም በሪቨርስ ግዛት ኮሚሽነር ሆነው አገልግለዋል፤ ወጣት ሹማምንት ይህን ልብ ይበሉልን። እኒህ ሰው ከወገኖቻቸው ጋር በ1990 የኦጎኒን ሕዝብ ንቅናቄ መሠረቱ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1993 ወደ 300,000 የሚገመት ሕዝብ ያለ መሣሪያ ሰልፍ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኩባንያው ከኦጎኒ ምድር ሥራውን አቁሞ ወጣ።

በ1994 አራት የኦጎኒ ሽማግሌዎች በሁከት ተገደሉ። የወታደሩ መንግሥት ግድያውን አነሣሥተዋል ብሎ ሳሮ ዊዋን በልዩ ፍርድ ቤት አቀረበ፤ እርሳቸውም እስከ መጨረሻው ካዱ። ጥቅምት 30 ቀን 1988 ዓ.ም. ከስምንት ባልንጀሮቻቸው ጋር በፖርት ሃርኮርት ተሰቀሉ።

በ2009 ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን ለሟቾቹ ቤተሰቦች 15.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በአንድ የኦጎኒ መንደር የሚጠጣ የጉድጓድ ውሃ መርምሮ፣ ቤንዚን የተባለው መርዝ ከተፈቀደው መጠን 900 ጊዜ በልጦ አገኘው፤ ምድሩን ማጽዳትም እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ገመተ። በኛም አገር የካሉብ ጋዝ በሶማሌ ክልል እረኛው ከብቱን በሚያሰማራበት ምድር ሥር ይገኛልና፣ ወደዚያ የሚመደበው ወጣት ሹም ከጉድጓዱ ሥራ አስቀድሞ የኤላውን ውሃ ቢያስመረምር ደግ ይመስለናል።

በ2025 የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ለዘጠኙ ሟቾች ይቅርታ አደረጉ። ይቅርታ ግን ለበደለኛ የሚሰጥ ነው፤ ወገኖቻቸው የሚጠይቁት በደለኞች አልነበሩም ተብሎ እንዲነገርላቸው ነው።