ቁጥርን በጨዋታ

ሕፃን ልጅ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ በቃሉ ይቆጥራል። "ሦስት ጠጠር አምጣ" ሲሉት ግን እፍኝ ሙሉ ያመጣል። ቁጥር የሚገባው በእጁ ሲዳስሰው ነው።

ገበጣን እንመልከት። አንዱ ዓይነት ገበጣ 12 ጉድጓድ አለው። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ይገባል፤ ድምሩ 48 ነው። ልጁ ከአንዱ ጉድጓድ አፍሶ በየጉድጓዱ አንዳንድ ሲጥል መቁጠርን ይለማመዳል።

ዛሬ በስልክ የሚሠራ የልጆች የሒሳብ ጨዋታም ይዘጋጃል። ጥሩው ጨዋታ በትንሽ ቁጥር ይጀምራል፤ የሚቆጠር ነገር ያሳያል፤ ልጁ ሲሳሳት ሳይቆጣ እንደገና ያስሞክረዋል።

ስልክ ባይኖርስ? በዛሪማ ወንዝ ዳር ጠጠር ሞልቷል። 5 ጠጠር ያዙ። 2ቱን ደብቁና "ስንት ደበቅሁ?" በሉት። ቢሳሳት አትቆጡት፤ እጃችሁን ከፍታችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። የተሰደበ ልጅ ሒሳብን ይፈራል።