ዝምታ የከፈተው፣ ድምፅ የዘጋው በር፦ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ሆሊውድ

ፊልም ሲቀረጽ ለማየት አንድ ጊዜ ሃያ አምስት ሳንቲም ይበቃ ነበር። በ17 ዓመቱ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ካርል ሌምሊ፣ ቀድሞ የዶሮ እርባታ በነበረ የሎስ አንጀለስ አካባቢ መሬት ላይ ዩኒቨርሳል ሲቲ የተባለውን የፊልም መሥሪያ ግቢ ያስመረቀው እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1915 ነው። እንግዶች በመደዳ ወንበር ተቀምጠው፣ በሳጥን የተሰጣቸውን የዶሮ ምሳ እየበሉ፣ ተዋናዮቹ ሲሠሩ ይመለከታሉ። ለጀግናው ያጨበጭባሉ፣ ክፉውን ይጮኹበታል። ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለነበር ጫጫታቸው ቀረጻውን አያበላሽም።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ማይክሮፎን ሳልንም ሳቅንም ስለሚለቅም ጸጥታ ግድ ሆነ፤ ጎብኚውም ከግቢው ወጣ።

በሩ ለሕዝብ ዳግም የተከፈተው በ1964 ሲሆን፣ ጎብኚው በዚህ ጊዜ ግቢውን የሚያየው በትራም ተሳፍሮ ነው። ይህ ጉዞ እስከ ዛሬ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ሆሊውድ መዝናኛ ፓርክ ልብ ነው። ትራሙ ፊታቸው ብቻ ተሠርቶ ጀርባቸው በእንጨት በተደገፈ ሕንፃዎች መካከል ያልፋል፤ ከሂችኮክ ፊልም «ሳይኮ» የምናውቀውን አስፈሪ ቤት ያሳያል፤ የ«ጆውስ» ፊልም ሻርክም ከውኃው ብቅ ብሎ ያስደነግጣል። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በሬክተር ስኬል 8.3 የሚለካ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያስመስል ቦታ አለ። ትራሙ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መስሎ ወደተሠራው አዳራሽ ሲገባ ወለሉ ይናወጣል፣ ጣሪያው ተደርምሶ የነዳጅ ቦቴ ይወርዳል፣ ውኃ ይንዶለዶላል። ወዲያው ውኃው ይመጠጣል፣ ቦቴው ወደ ላይ ይሳባል፣ ጣሪያው ይገጠማል፤ ቀጣዩ ትራም ሲደርስ ጥፋቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እውነተኛ ጥፋትም ደርሷል። በ2008 የተነሳው ቃጠሎ የኪንግ ኮንግን ትርኢት አወደመ። ግዙፉ ዝንጀሮ በ2010 ሲመለስ ቦታውን የያዙት በዋሻ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ትልልቅ ስክሪኖች ነበሩ።

በኮረብታ ላይ ያለው ፓርክ የላይና የታች ግቢ አለው፤ ሁለቱን የሚያገናኙት ረጃጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ናቸው። የ«ዋተርወርልድ» የውኃ ላይ ትርኢት በ1995፣ የዳይኖሰሮች የጀልባ ጉዞ በ1996፣ የሃሪ ፖተር ዓለም በ2016፣ የኒንቴንዶ ዓለም በ2023 ተጨመሩ።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ግቢው ዛሬም ፊልም የሚሠራበት መሆኑ ነው። አስማተኛ ምሥጢሩን ይደብቃል፤ እዚህ ግን የእንጨቱን ድጋፍ፣ የሻርኩን ብረት፣ የጎርፉን ቧንቧ አይተን ወደ ቤታችን ስንመለስ ፊልሙን የበለጠ እንወደዋለን፤ የብዙ ሰው እጅ እንዳለበት ገብቶናልና። በአንዱ መንደር ቀረጻ ሲኖር ትራሙ መንገዱን ቀይሮ ይሄዳል። ያኔ ጎብኚውን ያስወጣው ማይክሮፎን ዛሬም ይከበራል፤ ሕዝቡ ግን ከግቢው ሳይወጣ።